ሁለት ዐይን ያላት እባብ

ጥቅምት ፲፩ ቀን፣ ከቀትር በኋላ

የራቀውን በሚያቀርብ፣ የተዘጋውን በሚከፍት በእግዚአብሔር ስም ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ልጄ ሆይ፣ እንደምን አለሽ? እኔና እናትሽ፣ ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ በሕይወት አለን። «ደኅና ነን» ብዬ ልጽፍ ብል ግን ብዕሬ እንቢ አለኝ። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ደረሰኝ። ፖስተኛው አንኳኩቶ «መምህር፣ የውጭ አገር ቴምብር ያለበት ነው» ሲለኝ ጽሕፈትሽን ገና ከእጁ ሳልቀበለው ዐወቅሁት። ፖስታው ላይ «ለአባቴ» አላልሽም፤ «ለመጻሕፍት መምህሩ» ብለሻል። ከውስጡም ስድስት መስመርና አንድ ዝርዝር አገኘሁ። በልዩ ልዩ ሕዝብ ተረት ስለሚገኙ፣ ከወገብ በላይ ሴት ከወገብ በታች እባብ ስለሆኑ ፍጥረታት መጽሐፍ እያዘጋጀሽ ነው፤ እንዲህ ያለችቱ በእኛ መጻሕፍትና በሕዝቡ አፍ ምን እንደምትባል እንድጽፍልሽ ትፈልጊያለሽ። «የምጠይቅዎ እንደ ሊቅ ነው እንጂ በሌላ አይደለም» የምትለውን የመጨረሻዋን መስመር አራት ጊዜ አነበብኋት። በዚህ ቤት ሳለሽ አንድም ቀን «እርስዎ» ብለሽኝ አታውቂም ነበር።

እናትሽ ሻይ ልትቀዳልኝ ጎንበስ ብላ ነበር። «ከማን ነው?» አለችኝ። ከአንቺ መሆኑን ስነግራት ሻዩ ከስኒው አፍ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከደስታ ብዛት ነው ብዬ ጠረጴዛውን ጠረግሁ።

«ምን አለች?»

«ስለ እባብ ትጠይቃለች።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አሸተተችው። ከዚያ፣ «ምነው! ከአንተ ጋር ሃያ ሦስት ዓመት ኖራ እባብ ምን እንደሆነ አልገባትም?» ብላ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ዘመኗ እንደሆነ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ።

እንግዲህ አስቀድሞ ሊቁ ይመልስልሽ። በግእዝ መጻሕፍታችን የገነቱ እባብ «አርዌ ምድር» ይባላል፤ የምድር አውሬ ማለት ነው። «ከይሲ» የሚለው ቃል እባብንም ክፉውን መንፈስም ይጠራል። «ተመን» ታላቁ ነው፤ በአማርኛ ዘንዶ የምንለው። «አፍዖት» ደግሞ እፉኝት ነች። ከእነዚህ ሁሉ የሴት ፊት ያለው አንድም አላገኘሁም። በገነቱ ታሪክ እባቡ ተናገረ ይላል እንጂ ፊቱ የሴት ነበረ አይልም። ፊት የሰጡት ሠዓሊዎች ናቸው፤ በየአገሩ።

በዝርዝርሽ ያሉትንም ተመለከትሁ። ግሪኮች «ኤኪድና» የሚሏት ስሟ ራሱ እፉኝት ማለት ነው፤ ስለዚህ በትርጉም አትቸገሪ። «ላሚያ» ያልሻት፣ ልጆቿን በግፍ ተነጥቃ በኀዘን ብዛት አውሬ የሆነችው፣ ለእርሷ የሚሆን ቃል ግን የለኝም። በእኛ ቋንቋ ልጇን የተነጠቀች ሴት ብዙ ስም አላት፤ አውሬ ያላት ግን አልሰማሁም። ቻይናዎች ሰውን ከጭቃ ሠራች፣ ሰማይም በተቀደደ ጊዜ ጠገነችው የሚሏት የእባብ ጅራት ያላት እናት ደግሞ አስደነቀችኝ። ለዝርዝርሽ የሚጠቅም ባይሆንም፣ ወደ እኛ ብቅ ብትልና የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ብትጠግንልን ምን ነበረበት! የጣሪያው ነገር ወደ በኋላ ይመጣል።

ለእባብ ሴት የሚሆን አንድ የተለየ ስም በመጻሕፍታችን አላገኘሁም። በሕዝቡ አፍ ሴትን እባብ ለማለት ደግሞ ከወገቧ በታች ቅርፊት አይፈለግም። የመለሰች እባብ ናት፤ ዝም ያለች እባብ ናት፤ ጥላ የሄደችም እባብ ናት። ይህን የጻፍሁልሽ ከመጽሐፍ ቀድቼ አይደለም፤ ከራሴ አፍ ነው።

አሁን ሊቁ ይብቃው። ከዚህ በታች ያለውን ከስድስቱ መስመርሽ ውጭ አድርጊው፤ ብትፈልጊ አታንብቢው። ነገር ግን እንድታነቢው እለምንሻለሁ።

የምታውቂውን ቀድሜ ላንሣ፤ የማታውቂው ከእርሱ ይቀጥላልና። የትምህርቱን ወረቀት ይዘሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም የመጣሽ ዕለት ዲያቆናቱ በዙሪያዬ ነበሩ። እኔ ሃያ ዓመት የደከምሁበትን የትርጓሜ መጽሐፍ ከእኔ ጋር ሆነሽ እንድትፈጽሚው ተስፋ አድርጌ ነበር፤ የምትገለብጪልኝ አንቺ፣ የምታርሚኝም አንቺ ነበርሽና። «አባባ፣ የሰው ልጅ በየአገሩ እባብን ለምን ሴት እንዳደረጋት ማወቅ እፈልጋለሁ» አልሽኝ። እኔም፣ «ለዚህማ ባሕር መሻገር ምን ያስፈልጋል? መስታወት ይበቃሻል» አልሁሽ። ዲያቆናቱ ሳቁ። የመጻሕፍቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጠሽ በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ሄድሽ።

የማታውቂው ይህ ነው። አንቺ ከበሩ እንደ ወጣሽ እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። ያን ጊዜ የምዕራቡ ግድግዳ እየተሣለ ነበር። ሠዓሊውን ታስታውሺዋለሽ፤ ያለ መሰላል አምፖል ስለሚለውጥ «ቀጭኔ» ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ በዚያው ይጠራዋል። ሥዕሉ ከመጽሐፍ እንዳይወጣ ሰበካ ጉባኤው እኔን ተቆጣጣሪ አድርጎ ነበር። የሥራው ሕግ እንዲህ ነው፦ እኔ የምለውን ቀጭኔ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፋል፤ ከጻፈው አይጨምርም፣ አይቀንስም። በዚያች ሰዓት በዛፉ ላይ የተጠመጠመውን እባብ ከጅራቱ ጀምሮ አንገቱ ላይ ደርሶ ነበር።

«መምህር፣ ፊቱን ምን ላድርገው?» ብሎ ከላይ ጠየቀኝ።

መልሱን ዐውቀው ነበር። የእባብ ፊት አድርግ ማለት ብቻ ነበረብኝ። እኔ ግን «የልጄን ፊት አድርግበት!» ብዬ ጮኼ ወጣሁ። የተናደደ አባት የተናገረው መሰለኝ። በዚያ ቦታ የምናገረው ሁሉ ትእዛዝ መሆኑን ረሳሁ።

ስምንት ቀን ታምሜ ተኛሁ። በዘጠነኛው ስመጣ መወጣጫው ተነሥቷል፤ ከግድግዳው ላይ አንቺ ነሽ። ግንባርሽ፣ የቅንድብሽ ቅስት፣ ከአፍንጫሽ አጠገብ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር። ቀጭኔ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ፤ «የእባቧ ፊት፦ የልጃቸው» ይላል። «እንዳዘዙኝ ነው» አለኝ። አንድ ቃል ብናገር በዚያው ሳምንት ይለውጠው ነበር። «ይሁን፤ ደኅና ነው» አልሁት። አንቺን ልቀጣ ነበርን? ወይስ መሳሳቴን በሠራተኛ ፊት ላለማመን? ከሁለቱ አንዱን ብመርጥ እዋሻለሁ።

በዚያው ሰሞን ፎቶግራፎችሽን ሁሉ በግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ሳፋ አድርጌ አቃጠልሁ፤ የፊት ጥርሶችሽ ወልቀው የተነሣሽው፣ እናትሽ ከትራሷ ሥር የምታኖረው ሳይቀር። ለእርሷ የላክሻቸው ሦስት ደብዳቤዎችም የተመለሱልሽ በእኔ እጅ ነው። «ተቀባይ አልተገኘም» ብዬ የጻፍሁባቸው እኔ ነኝ፤ ተቀባይዋ በአጠገቤ ባቄላ እየለቀመች።

ከዚያ ወዲህ እናትሽ በየማለዳው ጸሎት ሲያልቅ፣ ሰዉ ሲወጣ፣ ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር ትቆማለች። ብዙ ትቆያለች። እኔ ንስሐ መሰለኝ። እንዲያውም በጉባኤው ፊት፣ «ባለቤቴ የመጀመሪያይቱን ኃጢአት እያሰበች ታለቅሳለች» ብዬ አመሰገንኋት። ይህን ዛሬ ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል።

ዘንድሮ የጣሪያው አሸንዳ ተሰብሮ ውኃው በምዕራቡ ግድግዳ ወረደ። ልስኑ አበጠ፤ ቀለሙ ይረግፍ ጀመር። የጉባኤው ሰብሳቢ፣ ዕድሜ ልካቸውን የቧንቧ ሠራተኛ የነበሩት፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩተው፣ «ይህ የታመመው ከውስጥ ነው፤ እስከ ድንጋዩ ተፍቆ እንደገና ይለሰን» ብለው ወሰኑ። ሊቀር የሚገባው ሥዕል አለ ወይ ብለውም ጠየቁኝ። «የለም» ብዬ ፈረምሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ኃጢአቴን ሌላ ሰው በመፋቂያ ሊያነሣልኝ ነውና።

ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ቀጭኔ መፋቂያውን ይዞ መጣ። እርሱም ሸብቷል። እኔ ከሰብሳቢው ጋር ስደርስ እናትሽ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ በፊቱ ቆማ ነበር።

«እማማ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ አቧራው ለሳንባዎ ደግ አይደለም» ይላታል።

«ሳንባዬን ተወው። አንተ ረጅም፣ እጅህን ከልጄ ላይ አንሣ።»

እኔም ቀረብ ብዬ፣ «እባብ ናት እኮ፤ ልጃችን አይደለችም። ሰው ምን ይላል?» አልሁ።

ወደ ድምፄ ዘወር አለች። «ሌላ መቼ ተውህልኝ? ፎቶዋን አቃጠልህ። ደብዳቤዋን መለስህ፤ አላውቅም መሰለህ? ፖስተኛው እኮ አፍ አለው። እዚህ ግድግዳ ላይ አንዷን ረስተህልኝ ነበር፤ ይቺንም ልትወስድ መጣህ?»

«እባብ ሥር ቆሞ መጸለይ...»

«በምድረ በዳ የተነደፉት ወዴት አይተው ነው የዳኑት? ወደ ተሰቀለው እባብ አይደለም? አንተ ነህ እኮ በየዓመቱ የምታስተምረው።»

አርባ ዓመት ያስተማርሁት ነው። ሰብሳቢው ሳላቸውን አስቀድመው፣ «መምህርን ዝም ያሰኘ ሰው ለማየት በቃሁ» አሉ። የሳቀ ግን አልነበረም።

እናትሽ አልጨረሰችም። «አሥራ አንድ ዓመት ተቆጣጣሪ ነኝ ስትል ኖርህ። እስቲ ዐይኗን ቁጠር» አለችኝ።

የቀጭኔ ወርክሾፕ ከአባቱ የወረሰው ሕግ አለው፦ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዐይን ይሣላል፤ ክፉ ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን። የሚጸልይ ሰው ከክፉው ጋር ዐይን ለዐይን እንዳይገጥም ነው። ራሴ በጉባኤ ፊት ያጸደቅሁት ሕግ ነው። ቀና ብዬ አየሁ። በዚያው ግድግዳ ላይ ጦር የያዘው ሰይጣን ባለ አንድ ዐይን ነው፤ አብረውት ያሉትም እንዲሁ። አንቺ ግን በሁለት ዐይን፣ ፊት ለፊት ቁልቁል ታዪኝ ነበር። ከዚያች ከዘጠነኛይቱ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ ወደዚያ ቀና ብዬ አላውቅም ነበርና አላስተዋልሁም።

ቀጭኔ መፋቂያውን በሁለት እጁ ያሽከረክራል። «መምህር፣ ያዘዙኝ ፊቷን ነው፤ ስለ ዐይኗ አላዘዙኝም። እስክትሄድ ድረስ በየቀኑ ወደ መወጣጫው ውኃ የምታቀብለኝ እሷ ነበረች። አንድ ዐይን ልሰጣት ሞከርሁ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለ።

በማግስቱ ጉባኤው ተሰበሰበ፤ ቆሜ ሁሉን ተናገርሁ። ከዚህ በላይ የጻፍሁልሽን አንድ ሳላስቀር፣ በዚያን ዕለት የሳቁት ዲያቆናት፣ ዛሬ ቀሳውስት ሆነው፣ በተቀመጡበት። ጭንቄንም ነገርኋቸው፤ አሁንም ለአንቺ እነግርሻለሁ። ፊትሽ ከግድግዳው ላይ ቢቀር ልጄን በአደባባይ እባብ እንዳደረግሁ እኖራለሁ። ቢፋቅ እናትሽን ልጇን ሁለተኛ ልቀማት ነው። የሚፈርደው ማን ነው? እኔ የመፍረድ መብቴን ያጣሁት በመስታወቱ ቀን ነው። ሰብሳቢው ግድግዳው ከመጪው ወር መጨረሻ በላይ እንደማይቆይ ገለጹ። «ውኃ ምሕረት አያውቅም» አሉ። እስከዚያ ግን የፊቱን ያህል እንዲተውልን ፈቀዱ።

ቀጭኔ ከጅራቱ ጀመረ። ጥምጥሙን አንድ በአንድ ፈታው፤ ከዚያ ዛፉን፣ ከዚያ ፍሬውን። ቅዳሜ ዕለት አንገቱ ላይ ሲደርስ መፋቂያውን አስቀምጦ በቀጭን ቢላዋ ዙሪያውን ለቀመው። አሁን በሰፊው ግራጫ ግድግዳ ላይ ሁለት መዳፍ የምታህል ፊትሽ ብቻ ቀርታለች። ቅርፊት የለ፣ ጅራት የለ። ቀጭኔ ከሩቅ ቆሞ አይቶ፣ «እንግዲህ እባብ የምትባለው በምኗ ነው?» አለ።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ያች ፊት ትፋቅ ወይስ ትቆይ፣ ባለቤቷ አንቺ ነሽና ቃልሽን ላኪልን። ሁለተኛው፣ ለእናትሽ አንድ ፎቶግራፍ ላኪላት። እርሱን ከያዘች ግድግዳውን የምትለቅ ይመስለኛል። ይቅርታ መጠየቄን ልመና ብዬ አልቈጠርሁትም፤ ዕዳዬ ነው፤ ብትሰጪኝም ብትከለክዪኝም እጠይቅሻለሁ። ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ነገ ጠዋት ወደ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ።

ጥቅምት ፲፪ ቀን፣ ማታ

ደብዳቤውን አላሸግሁትም ነበር፤ እግዚአብሔር የሚያደርገውን ያውቃል።

ወደ ፖስታ ቤቱ ሳልሄድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍሁ። ሰሞኑን ለእናትሽ ወንበር አስቀምጠውላታል፤ መቆም ይደክማታልና። እኔም ሌላ ወንበር ስቤ በአጠገቧ ተቀመጥሁ። ሳላማትብ እንኳ ቀና ብዬ ብዙ አየሁሽ። ቀጭኔ ከታች ልስን ያቦካል። እናትሽ ተነሣችና ግድግዳውን ተጠግታ በእግሯ ጣቶች ቆመች፤ እጇን ዘርግታ በጣቶቿ ግንባርሽን፣ ከዚያ ቅንድብሽን፣ ከዚያ ዐይኖችሽን አንድ በአንድ ዳሰሰች።

ቀጭኔ ደንግጦ፣ «እማማ! ቀለሙ ይለቃል፤ በዐይንዎ ብቻ ይዩ!» አላት።

«በየትኛው ዐይኔ?» አለችው። ጣቷን ሳታነሣ። «ካቻምና ጀምሮ በጣቴ እኮ ነው የማያት።»

ልጄ፣ ሻዩ ለምን ከስኒው አልፎ እንደ ፈሰሰ ያን ጊዜ ገባኝ። ደብዳቤሽን ለምን እንዳሸተተችው። መርፌ ክር አስገባልኝ የምትለኝ፣ በመንገድ ሁልጊዜ በአጥሩ በኩል የምትሄደው፣ ስናገር ወደ ድምፄ የምትዞረው። ከእርሷ ጋር በአንድ ማዕድ እየቀረብሁ ይህንንም ሳላይ ኖሬአለሁ። «ለምን ደበቅሽኝ?» ብላት፣ «ብነግርህ ከቤት አትውጪ ትለኝ ነበር። እዚህስ ማን ያመጣኛል?» አለችኝ።

ሐኪም ዘንድ ወስጃት መጣሁ። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፤ በአጭሩ፣ ዘግይተናል።

በትናንቱ ገጽ ፎቶግራፍ ላኪልን ብዬ ጽፌአለሁ። ልሰርዘው ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ተውሁት። ላኪው፤ እኔ አየዋለሁ። ነገር ግን ፎቶግራፍ ለስላሳ ወረቀት ነው፤ በጣት ቢዳስሱት ግንባርም አፍንጫም የለውም። ሰብሳቢው ዛሬ ከአዳራሹ ሦስተኛ ወንበር አምጥተው ከሁለታችን አጠገብ አስቀመጡ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ እርሳቸውም አልነገሩኝም። የመጪው ወር መጨረሻ እሑድ ላይ ይውላል።

ይህን ስጽፍ እናትሽ ከጎኔ ናት። ለዝርዝርሽ የምትጨምረው ቃል አላት፤ እንደተናገረችው እጽፈዋለሁ፦ «በግድግዳችሁ ላይ ያለችቱ ምን ትባላለች ብላ ከጠየቀች፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ‹እናትዬ› እያልሁ ነው የጠራኋት በላት።»

ባል ይኑርሽ፣ ልጅ ይኑርሽ አላውቅም፤ ያላወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። በቤትሽ ያለውን ሰው ሁሉ፣ የማውቀውን አንቺንና የማላውቃቸውን እነርሱን፣ አምላክ በክንፉ ይሸፍን። መግቢያሽንና መውጫሽን ይጠብቅ፤ የምትጽፊበትን እጅ አያዝልብሽ፤ የዐይንሽን ብርሃን እስከ እርጅናሽ ያቆይልሽ። በደጄ ላይ ለሚያንኳኳው ሁሉ፣ ፖስተኛውም ቢሆን ሌላም ቢሆን፣ ራሴ እከፍታለሁ።

አባትሽ